በጣና ዳር ዞሬ ገሳይ የገባሁበት ሳምንት

ከወረታ ሲመጡ ደብረ ታቦር የሚጀምርበት አስፋልት ዳር፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ጎማ ስጠግን ኖሬያለሁ። ሰዉ ጎሚስታው ውብሸት ይለኛል። የጎማ ሥራ እንዲህ ነው፤ መንገደኛው እየመጣ መንገዱን ያወራልሃል፣ አንተ ግን ከቦታህ ንቅንቅ አትልም። የፎገራ ሩዝ ሲደርስ ሜዳው እንዴት እንደሚያምር፣ የወንዛዬ ፍል ውሃ ቁርጥማት እንደሚያሽር፣ ጣና ጠዋት ጠዋት ጭስ የሚመስል ጉም እንደሚለብስ፣ ሁሉንም የሰማሁት ተንበርክኬ ብሎን ስፈታ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ግን ሱቄን ለአንድ ሳምንት ዘግቼ ልሄድ ቆረጥኩ። እቅዱን ያወጣልኝ ደሴ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የድሮ ደንበኛዬ። ጎማው ነፋስ እስኪሞላለት ድረስ ካርቶን ቀዶ በእስክሪብቶ ጻፈልኝ። ሰኞ ዓለም ሳጋ ጫካ፣ ማደሪያ ወረታ። ማክሰኞ ሐይቁ ዳር። ረቡዕ ወንዛዬ። ሐሙስና ዓርብ ቆራጣ። ቅዳሜ አዲስ ዘመን አጠገብ ያለው የጣራ ገዳም ጫካ። እሑድ ቤት።

«ጋሽ ውቤ፣ ቆራጣ ሁለት ቀን ምን ያደርግልዎታል? ትንሽ ቦታ እኮ ነች» አለኝ።

«ሐይቁን እያየሁ እቀመጣለሁ» አልኩት።

ለአንባቢ ግን እውነቱን ልናገር። ቆራጣ ልጄ አለች ብዬ ነው። ሰናይት ትባላለች፤ ነርስ ነች፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም። ካየኋት አራት ዓመት አልፎ ነበር። እናቷ በሞተች ጊዜ፣ ሙት ዓመቷ ሳይወጣ ሌላ ሴት አገባሁ። እሱም ሳያንስ የሟችን ጥበብ ቀሚስ ለአዲሷ ሰጠኋት። ሰናይት ለፋሲካ ከሥራ ቦታዋ ስትመጣ በሩን የከፈተችላት ያችው ሴት ነበረች፣ ቀሚሱን ለብሳ። ልጄ አልገባችም። እደጅ እንደቆመች «እናቴን ሁለተኛ ቀበርካት» አለችኝና በመጣችበት ተመለሰች። ስልኳንም ቀየረች። ሴትዮዋም በሁለት ዓመቷ ጥላኝ ሄደች። ሰናይት ቆራጣ ጤና ጣቢያ እንደምትሠራ ከአንድ መንገደኛ የሰማሁት ከዓመት በፊት ነው። ለመሄድ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ቆራጣ በአንድ ቀን የሚደረስበት ቦታ ሆኖ ሳለ ማቆሚያ ያበዛሁትም ቶሎ እንዳልደርስ ነው።

ሰኞ

ደሴ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጥቶ ጋቢና አስገባኝ። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ መንገዱ ቁልቁል ነው። እኛ አገር በጥቅምት ጠዋት ጋቢ ደርበህም ይበርድሃል፤ እዚህ ግን በየመታጠፊያው አንድ ልብስ እያወለቅህ ትወርዳለህ። መጀመሪያ ጋቢዬን አወለቅኩ፣ ቀጥሎ ኮቴን፣ ቀጥሎ ሹራቤን። ደሴ እየሳቀ «ወረታ ሲደርሱ ምን ሊቀርዎት ነው?» አለኝ።

ዓለም ሳጋ ስንደርስ የጭነቱን ገመድ ሊያጠብቅ ቆመ። እኔ ጫካውን ልይ ብዬ ገባሁ። ጽድና ወይራ ነው፤ እንደ እኛ ሰፈር በመስመር የተተከለ ባሕር ዛፍ አይደለም። እርስ በርሱ ተቆላልፎ ሰማዩን ዘግቶታል። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄድኩ የአስፋልቱ ድምፅ ጠፋ። ዝም ብዬ ቆምኩ። ወዲያው ዱላ የያዘ የጫካ ጠባቂ ከዛፍ ጀርባ ብቅ አለ።

«ምን ሊቆርጡ ነው አባት?»

«ምንም። ላይ ነው የመጣሁት።»

«ምን ሊያዩ?»

«ዛፉን።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። ትከሻዬ ላይ ያንጠለጠልኩትን ቦርሳ አስከፈተኝ። ማጣበቂያ፣ መቀስ፣ የጎማ ቁራጭ፣ አንድ ሸሚዝ። ሥራዬን ስነግረው ሳቀ፤ ግን አላመነኝም። ጫካ ውስጥ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ሁለት እርምጃ ከኋላዬ አልተለየም። መጀመሪያ ከነከነኝ፣ ኋላ ግን ወደድኩት። ሰው ከጎኔ ሲራመድ ከሰማሁ ቆይቶ ነበር። ደሴ ጥሩንባውን ሲነፋ ጠባቂው እስከ አስፋልቱ ሸኘኝና «ደግሞ ይምጡ፤ ያለ መጥረቢያ ነው ታዲያ» አለኝ።

ወረታ ይሞቃል። ደሴ ሩዝ ሊጭን ሄደ፤ እኔ አንድ ማረፊያ ቤት ክፍል ያዝኩ። አልጋው ላይ አጎበር ተሰቅሏል፣ አጎበሩ ግን ጭንቅላት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው። ደብረ ታቦር የወባ ትንኝ አናውቅም። ትንኞቹም እንግዳ መሆኔን አውቀው ነው መሰለኝ ገና ሳይጨልም ገቡ። ሸሚዜን ጫፉ ላይ ቆርጬ በጎማ ማጣበቂያ ለጠፍኩበት። ጠዋት የቤቱ ባለቤት አጎበሩን ብታየው «ምን ዓይነት ስፌት ነው?» አለችኝ። «ጥገና ነው» አልኳት። ሌሎች ሁለት አጎበሮች አምጥታ አስጠገነችኝና ቁርሴን ጋበዘችኝ።

ማክሰኞ

በባጃጅ እስከሚያስኬድ ሄጄ ቀሪውን በእግሬ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ፎገራ ሜዳ ነው፤ ወሬው እውነት ነው። እኛ ዘንድ ዐይንህ የትም ሲያይ ጉና ይገጥመዋል፤ እዚህ ግን የሚያቆመው ነገር የለም። ሩዙ ወደ ብጫ እየሄደ ነበር። ሐይቁ ግን እንዳሰብኩት አልነበረም። ከዳር ሆኜ ያየሁት ውሃ ሳይሆን እምቦጭ ነው፤ አረንጓዴ ምንጣፍ የመሰለ አረም ውሃውን ሸፍኖታል። ቆሜ ስፈልገው አንድ ገበሬ አየኝ።

«ምን ጠፋዎት?»

«ጣና።»

ሳቀና «ይምጡ፣ ጣናን ላሳይዎት» አለ። አያ ሞላ ይባላል። በደንገል ታንኳው አሳፍሮኝ አረሙን በረጅም ዘንግ እየገፋ እስከ ጠራው ውሃ ወሰደኝ። የታንኳው ወለል ላይ ውሃ ይገባል፤ ቂጤ ራሰ። ሃያ ስምንት ዓመት ውሃ የምፈልገው የጎማ ቀዳዳ ለማግኘት ነበር። እዚያ መሀል ላይ ዳርቻው ሳይታየኝ ስቀመጥ ግን ፈራሁ፣ ደስም አለኝ። የማካፍለው ሰው አልነበረኝም። ለአያ ሞላ «ሰፊ ነው» አልኩት። «ሰፊ ነው» አለኝ። 

ምሳ ቤቱ አገባኝ። ሚስቱ እትዬ አስረስ ቀረሶ የሚሉትን የጣና አሳ ጠብሳ አቀረበች። እኛ ድንች በልተን ያደግን ሰዎች አሳ ስንበላ አናኝክም፣ እንውጣለን። አጥንቱ ጉሮሮዬ ላይ ተሰካ። ዐይኔ እንባ ሞላ፤ መተንፈስ አቃተኝ። እትዬ አስረስ እንጀራ ጠቅልላ አፌ ውስጥ ከተተችና «ሳያላምጡ! ይዋጡት!» እያለች ጀርባዬን ትደበድበኝ ጀመር። ወረደ። ከዚያ በኋላ እንደ ሕፃን እሾሁን እየለቀመች አጎረሰችኝ። አያ ሞላ ለአንድ ጎረቤቱ ጮኾ «ጎንደሬው በአሳ ሊሞትብን ነበር!» አለ። እሱም ጎንደሬ እኮ ነው፤ ለእሱ ግን ደጋ የሚኖር ሁሉ ሌላ አገር ሰው ነው።

«ቆራጣ ማን ዘንድ ነው የሚሄዱት?» አለችኝ እትዬ አስረስ።

«ዘመድ አለኝ» አልኩ።

ረቡዕና ሐሙስ

ረቡዕ ሐሙሲት ወደምትባለው ከተማ ሄጄ ከገበያተኛ ጋር ወንዛዬ ገባሁ። የጾም ቀን ስለሆነ ሽሮ በልቼ በቀጥታ ወደ ፍል ውሃው ሄድኩ። ወንዶች ለብቻ፣ ሴቶች ለብቻ ነው የሚታጠቡት። አብዛኛው ሰው ታሞ የመጣ ነው፤ ሁሉም ከዘመዱ ጋር ነው። አንዱ የአባቱን ክንድ ይዞ ያወርዳል፣ ሌላው ወንድሙን አዝሎ ይመጣል። እኔ ብቻዬን ስገባ አንድ ሽማግሌ «ደጋፊ የለህም?» አሉኝ።

«አልታመምኩም አባ።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

ከእስቴ የመጡ ቄስ ነበሩ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ውሃው ያቃጥላል፣ ከዚያ ይለመዳል። ጥቂት ቆይተው «በል ጀርባህን አዙርልኝ» አሉኝ። አዞርኩ። በሳሙናና በቃጫ ያሹኝ ጀመር፤ የጎማ ጥላሸት ከቆዳዬ እየተላቀቀ ውሃው ጠቆረ። «ይህ ሁሉ ከየት የመጣ ነው ልጄ?» ይላሉ።  ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ጀርባዬን ያጠበልኝ ሰው አልነበረም። ሁለተኛዋም አላጠበችልኝም። ፊቴን በውሃ እየደጋገምኩ ታጠብኩ፣ እንዳያውቁብኝ። አውቀውብኛል መሰለኝ፤ ሲጨርሱ ራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው ጥቂት ጸሎት ደገሙልኝ።

ሐሙስ ቆራጣ መግባት ነበረብኝ። ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ እስከ መኪናው ሄድኩ። ረዳቱ «ሐሙሲት! ሐሙሲት! አንድ ሰው!» እያለ ነበር፤ የጎደለውም አንድ ሰው ነበር። አልገባሁም። ሌላ ሰው ገባና መኪናው ሄደ። ቀኑን ሙሉ ከፍል ውሃው በላይ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የምላትን ሳዘጋጅ ዋልኩ። «ይቅር በይኝ» የሚለው አጭር ነው፤ ከሱ በፊት የሚባለው ነው የጠፋኝ። ቄሱ ከሰዓት ሲያልፉ አይተውኝ «ገና አልዳንክም?» አሉኝ። አገራቸው ሊመለሱ ነበር። እሳቸውም ከሄዱ በኋላ ወንዛዬ ባዶ መሰለችኝ።

ዓርብ

ከሐሙሲት ቆራጣ በጭነት መኪና ሄድኩ፤ ከከረጢት ላይ ተቀምጬ። ቆራጣ ዛፍ የበላት መንደር ነች። የቤተ ክርስቲያኑ ጫካ እስከ ውሃው ወርዷል፤ ሐይቁ በግንዶች መካከል ብልጭ ብልጭ ይላል። እዚህ እምቦጭ አልነበረም። መንገደኞች የነገሩኝ ሁሉ እውነት ነበር፤ እኔ ግን ያንን ሁሉ ያየሁት ወደ ጤና ጣቢያው እየተቻኮልኩ ነው። በር ላይ ፊቴን በመሀረብ ጠረግኩ፣ ሸሚዜን ጫፉ መቆረጡ እንዳይታይ ሱሪዬ ውስጥ ከተትኩ።

ካርድ ክፍል ያለችውን ወጣት «ሲስተር ሰናይትን ፈልጌ ነበር» አልኳት።

«ሲስተር ሰናይትማ ተዛውራለች። ሰኔ ላይ ነው የሄደችው።»

«ወዴት?»

«ገሳይ።»

አንባቢ አገሩን ላያውቀው ይችላል። ገሳይ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ ሲሄዱ ያለች የመንገድ ዳር ከተማ ነች። ከቤቴ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ከቆራጣ ገሳይ ለመሄድ ደግሞ በደብረ ታቦር፣ በእኔ ሱቅ ፊት ማለፍ ግድ ነው። ልጄ አምስት ወር ሙሉ ጎረቤቴ ነበረች፤ እኔ ጣና ዳር እፈልጋታለሁ።

ወጣቷ ፊቴን አይታ ወንበር ሰጠችኝ። ቀጥላም ሰናይት ተከራይታ ወደነበረችበት ቤት ወሰደችኝ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ጥሩ የሚባሉ መበለት ናቸው።

«ምኗ ነዎት?» አሉኝ።

«አባቷ ነኝ።»

ይህን ቃል በአፌ ካወጣሁት ስንት ጊዜዬ ነው።  «አባት እንዳላት አላወቅሁም ነበር» አሉና ውሃ አምጥተው «እግርዎን ካላጠብኩ» ብለው ተቀመጡ። እምቢ ብላቸውም አልሰሙኝም። ሰናይት የኖረችበትን ክፍል ከፍተው አስተኙኝ። አልጋና አንድ ሚስማር ብቻ ነው የቀረው። «ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ስትመጣ ሰናይት በዚህ በር ነበር የምትወጣው፣ ዝናብ አትል ጅብ አትል» አሉኝ። «አንድ ቀን እንኳ አልቀረችም።» ልጄ ጅብ እንደማትፈራ አላውቅም ነበር። ትንሽ ሆና የውሻ ጩኸት ስትሰማ የእኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበር የምትገባው።

ቅዳሜ

ጣራ ገዳምን ተውኩት። ከቆራጣ ሐሙሲት፣ ከሐሙሲት ወረታ፣ ከወረታ ሽቅብ። ያወለቅኩትን ልብስ በየመታጠፊያው መልሼ ለበስኩ። የራሴ ሱቅ ጋ ስንደርስ ረዳቱ አውቆኝ «ጋሼ፣ ወራጅ አለ?» አለ። ሱቄ እንደተዘጋ ነው፤ በሩ ላይ አንድ ሰው ጎማ አስደግፎ ሄዷል። «የለም» አልኩት። መናኸሪያ ገብቼ መኪና ቀየርኩ።

ገሳይ የደረስኩት ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ብርዱ ከእኛም ይብሳል፤ የጉና ንፋስ ፊት ይቆርጣል። ጤና ጣቢያው ከመንገዱ ይታያል። አልሄድኩም። ማደሪያ ያዝኩ። የቤቱ ሴትዮ ገንፎ አገንፍታ ሰጠችኝና «ሐኪም ፍለጋ ነው የመጡት?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ውሸት አልነበረም።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። እሑድ ስለሆነ ያሉት ተረኞች ብቻ ናቸው። አግዳሚው ላይ ከአንዲት እርጉዝና ከባሏ ጎን ተቀመጥኩ። በሩ ተከፍቶ ነጭ ጋወን የለበሰች ሴት «ቀጣይ» ብላ ወጣች። ከስታለች። እናቷን መስላለች።

አየችኝ። እጇ በሩ ላይ እንዳለ ቆመች።

«ምነው? አሞዎት ነው?» አለች።

አንተ ስትለኝ ያደገች ልጅ ናት። አሁን አንቱ አለችኝ፣ ለማንኛውም ሽማግሌ እንደሚባለው።

«አላመመኝም» አልኳት።

«እንግዲያ ይጠብቁ፤ ሰው አለብኝ» ብላ እርጉዟን አስገባች።

እስከ ሰባት ሰዓት ጠበቅኩ። ስትወጣ ጋወኗን አውልቃ «ምሳ በልተዋል?» አለች። ቤቷ ቅርብ ነው። ድንች ወጥ አሞቀች። ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን በላን። ወንዛዬ ድንጋይ ላይ ካዘጋጀሁት አንዱም አልመጣልኝም። ስለ አሳው አጥንት ነገርኳት፤ ፈገግ ሳትል «ሐኪም ጋ መታየት ነበረብዎት» አለች። በመጨረሻ «የእናትሽን ቀሚስ መስጠት አልነበረብኝም» አልኩ። «ይቅር በይኝ።»

ሳህኑን አነሳች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የተናገረችው።

«ሰኔ ላይ ዕቃዬን ጭኜ ስመጣ የመኪናው ጎማ ደብረ ታቦር መግቢያ ላይ ፈነዳ። እርስዎ ጋ ነው የቆመው።»

«እኔ ጋ?»

«ዝናብ ነበር። እኔ ጋቢና ውስጥ ነበርኩ፤ ነጠላዬን ተከናንቤያለሁ። መስተዋቱ በእንፋሎት ተሸፍኗል፤ በጣቴ ጠርጌ አየሁዎት። ጸጉርዎ ሸብቷል። ልወርድ ነበር። እጄ መክፈቻው ላይ ነበር።» ሳህኑን አለቀለቀች። «ሹፌሩ ‹ጋሼ፣ በዚህ ዝናብ ብቻዎን? የሚያግዝ ልጅ የለዎትም?› አለዎት። ‹ልጅ የለኝም› አሉት።»

ያንን መኪና አላስታውሰውም። ያንን ሹፌርም አላስታውሰውም። ብዙ ሹፌር ይጠይቀኛል፤ «የለኝም» ማለት ያጥራል፣ ማብራሪያ አይፈልግም። ይህንን ልነግራት ጀመርኩና ተውኩት። እሷ «ልጅ የለኝም» ስል እየሰማች፣ እኔ የመኪናዋን ጎማ ጠግኜ፣ «መልካም መንገድ» ብዬ ሸኝቻታለሁ ማለት ነው።

ወደ መንገድ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ ሲመጣ ስልኬን ተቀብላ ቁጥሯን ጻፈችበት። «ከመምጣትዎ በፊት ይደውሉ» አለች። «ሥራ ላይ ከሆንኩ አላነሳም።» እጄን ጨበጠችው፤ አልሳመችኝም። መኪናው ሲነሳ ዞሬ አየሁ፤ ወደ ጤና ጣቢያው ግማሽ መንገድ ሄዳ ነበር።

ቤቴ የገባሁት ሳይመሽ ነው። በማግስቱ ሱቄን ከፈትኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውያለሁ። መጀመሪያ አላነሳችም። ሁለተኛ አነሳች፤ ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል። «ብርዱ እንዴት ነው?» አለችኝ። «ይብሳል» አልኳት። «ቆይቼ እደውላለሁ» አለች።

ይህን እስክጽፍ ድረስ አልደወለችም። መዶሻ ሳነሳ ድምፁ እንዳያመልጠኝ ብዬ ስልኩን ከኪሴ አውጥቼ መደርደሪያው ላይ፣ ፊት ለፊቴ አስቀምጠዋለሁ።